ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ

ሮላ ሰፈር፣ ሻርጃ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ከታች አልጋ እኔ፣ ሩቂያ ከበላይ።
ኤሲው ሲያጉረመርም፣ ውሃ ሲያንጠበጥብ፣
እንቅልፍ ገና መጥቶ ሊጋደም ሲያስብ፣
ከስስ ፍራሽ ማዶ
ወፍጮ ይጀምራል።
ያለ እህል የሚዞር፣ ድንጋይ በድንጋይ፣
ቅጭጭ… ቅጭጭ… እስከ ሱብሂ አዛን
ይፈጫል።

መጀመሪያ ሰሞን አልጋዋን በተረከዜ እመታለሁ፣
"አንቺ! ምን እየበላሽ ነው?" እላለሁ።
ትገላበጣለች፤ ደግሞ ትጀምራለች።
ጠዋት ስጠይቃት፣ "እኔ? እንደ ሬሳ ነው ያደርኩት" ትላለች፣
መንጋጋዋን በሁለት ጣት እያሸች።

ሩቂያ ጥርሷን ትወዳለች።
ከሐርቡ ስትነሳ ሦስት ቀሚስ፣ አንድ እስር የወይራ መፋቂያ።
መፋቂያው ሲያልቅ ብሩሽ ገዛች፣ ጠንካራውን መርጣ፣
እንደ ጠቆረ ድስት ትፈትገዋለች ላቧ እስኪወጣ።
ያውም ሎሚ ጠጥታ!
በነሐሴ ወላፈን፣ ከማዳም ቤት መልስ፣
ሎሚ በበረዶ፣ ሦስት ብርጭቆ፣ አንጀቷ እስኪርስ፣
ከዚያ ወዲያው ብሩሽ።
"ሎሚው ያነጣል" ትላለች፣ "ብሩሹ ያጠራል።"
ሎሚው አለስልሶ ሲሰጠው ብሩሹ እንደሚልግ
ማን ይነግራታል?

አንድ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ እንደ መርፌ ወጋት።

ክሊኒኩ ከሥጋ ቤቱ በላይ ነው። ዶክተር ቢንዱ፣ የኬረላ ሴት፣
መብራቱን አዞረች፣ አየች፣ ዝም አለች።
"እዪ" አለችኝ እኔን፤ አስተርጓሚ ነኝና።
የፊት ጥርሶቿ እኩል ናቸው። ከልክ በላይ እኩል።
ሚዳቋዋ የጠፋችባት የሃያ አምስት ፊልስ ሳንቲም፣
ብዙ እጅ የዳበሳት።
በጎን ነጩ ተገፎ ቢጫው ብቅ ብሏል።

"ምንድን ነው የምታኝከው? አጥንት? በረዶ?"
ተረጎምኩ። ሩቂያ ማለች፤ "ወላሂ፣ ሩዝና ዳቦ!"
"ታዲያ ሌሊት ምን ትበላለች?"

ይህን አልተረጎምኩም።
ቀን "ሐዲር፣ ማማ" ብላ ሳታኝክ የዋጠችውን
ሌሊት ታመሰኳለች፤
ሁለት ወር የዘገየ ደመወዝ፣
ሌባ የተባለችበት ቀለበት፣ ከሶፋ ስር የተገኘ፣
ይቅርታ ያልተከተለው።
ከአገር ቤት በስልክ "ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይ" ይሏታል።
እሺ ብላ ነከሰች። ቃል በቃል።

"ሎሚ ካማረሽ በገለባ" አለች ሐኪሟ፣ "ከዚያ በውሃ ተጉመጥመጪ፤
ብሩሹ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ እሱም ለስላሳው።
ጥርስ ድስት አይደለም። ያለቀ አይበቅልም።"
ጉንጯን ነካ አድርጋ፣ በሰባራ ዓረብኛ፦
"ቀን ቀን፣ ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ይለያይ።
ከምግብ በቀር አይገናኙ።"
"እንደ ኮንትራት አገር ባልና ሚስት" አለች ሩቂያ።
ሳቅን፤ ሐኪሟም ሳይገባት ሳቀች።

ለሌሊቱ የፕላስቲክ ልጓም። አራት መቶ ድርሃም።
ሩቂያ በልቧ አሰላች፤ የእህቷ የኮሌጅ ወር።
"ይቅር" አለች። ወረድን። ደረጃው ላይ ቆመች።
"እናቴ በሰባ ዓመቷ ሸንኮራ በጥርሷ ትልጣለች።
እኔ ሠላሳ አንድ ነኝ።"
ተመልሰን ወጣን።

አሁን ወፍጮው በላስቲክ ላይ ይዞራል፣ ድምፁ ሰልሏል።
ጠዋት ልጓሟን አጥባ ለመስኮቱ ብርሃን ትይዘዋለች፤
ጭረት በጭረት።
"ይኼ የማዳም ነው፣ ይኼ የደላላው" ትላለች።
እሱ ይለቅ። እሱ ይተካል።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።
በጸጥታው መሐል ምላሴን በጥርሴ ጫፍ ሳስኬድ፣
ሜዳ።
ዳር እስከ ዳር ሜዳ።

"ሩቂያ" አልኳት ጠዋት፣ "እኔስ ሌሊት?"
ልጓሟን ወደ ኩባያው መለሰች።
"ኧረ አንቺማ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ ነው" አለች፣
"የሰው አልጋ መምታት ነውር መስሎኝ ነው እንጂ።"